ቤታችን ሲጸዳ የጎረቤታችን ውኃ አይቆሽሽ



በመስከረም ወር በሀዲያ የያሆዴ፣ በከምባታም የመሳላ በዓል ሲቃረብ ቤት እንዴት እንደሚሰናዳ ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳው ይመረጋል፤ የወተትና የቅቤ ዕቃው ወደ ደጅ ወጥቶ ይፈተጋል፣ ይታጠናል፤ የመኝታው ልብስ ይራገፋል፤ ግቢውም ይጠረጋል። ይህ ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ዛሬ ግን በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሽቾ፣ በሾኔና በዶዮገና ሱቆች መደርደሪያው ሁሉ ሕዝባችን በጥቅሉ «ኦሞ» በሚለው የዱቄት ሳሙና፣ በበረኪና፣ በመጸዳጃ ቤት አሲድና በተባይ ማጥፊያ ተሞልቷል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ቤተሰብ ንጽሕና የሚገኘው ከጠርሙስ ነው፣ ገንዘብ የሌለውም ንጹሕ ሊሆን አይችልም ወደሚል አሳብ እያዘነበለ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለቤት ጽዳት ከሚያስፈልገን ነገር አብዛኛው በጓዳችንና በጓሮአችን የሚገኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የምንገዛውን መድኃኒት ሳናውቅ ብንጠቀምበት የገዛ ልጆቻችንንና ከእኛ በታች ያለውን ጎረቤት የሚጎዳ መሆኑ ነው።

ንጽሕና ሽታ አይደለም

አንድ ቤት በረኪና ስለ ሸተተ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በሽታ የሚያመጡ ሕዋሳት የሚኖሩት በስብ፣ በምግብ ትራፊና በእርጥበት ውስጥ ነው። ስለዚህ የጽዳት ሥራ በቅደም ተከተል ሦስት ነው፤ መጀመሪያ ጠርጎና ፍቆ ቆሻሻውን ማንሣት፣ ቀጥሎ አጥቦ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም ማድረቅ። ይህ በሚገባ ከተፈጸመ አብዛኛው ጀርም ከቆሻሻው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። ቆሻሻው ሳይነሣ በላዩ ላይ የሚፈስ በረኪና ግን ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ስለሚጨርስ ጀርሙን ሳይገድል ይቀራል። ገንዘቡም በከንቱ ይፈስሳል።

በጓዳችን ያሉ ማጽጃዎች

1ኛ/ አመድ። የንጹሕ እንጨት አመድ በውኃ ሲነካ ስብን የሚፈታ ጠባይ አለው። አታካና የቀረበበትን ቅቤ የጠጣ ሳሕን ቀዝቃዛ ውኃ ብቻውን አያነሣውም፤ የተነፋ አመድ በጥቂት ሙቅ ውኃ ለውሶ በእንሰት ቃጫ መፈተግ ግን ያጠራዋል። አመዱ ከስቡ ጋር ሲገናኝ በመጠኑ ወደ ሳሙናነት ስለሚለወጥ ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፌስታልና ጎማ የነደደበት ምድጃ አመድ ለዕቃ አይሆንም። አመድ አድሮበት የጠለለ ውኃ ደግሞ እጅን የሚልጥና ዓይንን የሚያቃጥል ስለሆነ ከልጆች ይራቅ። የአሉሚኒየም ድስትም በአመድ ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ብረቱ ይበላል፤ ፈትጎ ወዲያው ማለቅለቅ ይገባል። ሳሙና በጠፋ ጊዜ እጅን በአመድና በውኃ መታጠብ በውኃ ብቻ ከመታጠብ ይመረጣል፤ ሳሙና ካለ ግን ሳሙናው ይቅደም።

2ኛ/ ሎሚ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከውኃው የሚቀር የኖራ ዓይነት ድንጋይ ነው። የ2 ሎሚ ጭማቂ በውኃ ጨምሮ አፍልቶ ለግማሽ ሰዓት ቢተውት ይለቃል። ተጨምቆ የቀረው የሎሚ ልጣጭ ደግሞ የመክተፊያ እንጨትንና የዓሣ ወይም የሽንኩርት ሽታ የያዘን እጅ ለማሸት ይጠቅማል።

3ኛ/ እንዶድ። ነጠላንና ጋቢን በእንዶድ ማጠብ በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው። የደረቀው ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ ሲነከር እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ይህ ተክል በዓለም የታወቀው በአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የብልሃርዝያ በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል በመሆኑ ነገሩን በምርምር ተከታተሉት። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር የማይናቅ መሆኑን፣ ደግሞም ከጓሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ። ቀንድ አውጣን የሚገድል እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ሰው ቢውጠውም ይጎዳዋል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ በወንዝ ውስጥ አይደፋ፤ ዱቄቱም ከምግብ ርቆ ይቀመጥ።

4ኛ/ የወይራ ጢስ። የወተት ዕቃ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወይራ እንጨት ሲታጠን ጢሱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ወተትን ቶሎ የሚያበላሹትን ሕዋሳት ይቀንሳል። ነገር ግን ጢስ መታጠብን አይተካም። ማጠኑም ሕፃናት በተኙበት በተዘጋ ቤት ሳይሆን በደጅ ወይም በር ተከፍቶ ይሁን።

5ኛ/ ፀሐይ። ዋጋ የማይከፈልበት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የሕፃናት ጨርቅና የታጠበ ዕቃ በፀሐይ ላይ ሲውል እርጥበቱ ይደርቃል፤ ብዙ ጀርምም ይሞታል። ዕቃ በመሬት ላይ ሳይሆን ከእንጨት በተሠራ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ፤ ዶሮና ውሻ አይደርሱበትምና።

6ኛ/ ጠጠር ለጀሪካን። በጀሪካን ውስጠኛ ጎን የሚያድገውን አረንጓዴ ልጋግ እጅ አይደርስበትም። አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠርና ጥቂት ውኃ ጨምሮ አጥብቆ መናጥ ያስለቅቀዋል። ካለቀለቁት በኋላ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ፣ ሁሉም ጎኑ እንዲነካ እያገላበጡ ግማሽ ሰዓት ማቆየትና እንደገና ማለቅለቅ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቀናት የሚቆይ ውኃ የምናስቀምጥ እንደ መሆናችን ይህ ሥራ የሚዘነጋ አይደለም።

በረኪና ለምን ጊዜ?

በረኪናን ጨርሶ ተዉ አንልም። በቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት በሽተኛ ሲኖር አስፈላጊ ነው። በበሽተኛው የቆሸሸውን ወለልና ባልዲ መጀመሪያ አጽድቶ፣ 1 ብርጭቆ በረኪና በ9 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ማፍሰስና ለ10 ደቂቃ ያህል መተው ይገባል። ይህ ልክ የሚሠራው በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ለተጻፈበት በረኪና ነው። ከዚህ ማብዛት ጥቅም የለውም፤ እጅንና ሳንባን መጉዳት ብቻ ነው።

ሁሉም ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ሕጎች አሉ።

ሀ/ በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አይቀላቀል። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን የተባለ ጋዝ እስትንፋስን የሚዘጋና ሰውን ሊገድል የሚችል መርዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነበር። «ሁለቱን ባደርግ የበለጠ ይነጣል» ብላ በጠባብ መጸዳጃ ቤት በሯን ዘግታ የምትቀላቅል እኅት ራሷን ለአደጋ ትሰጣለች። ሽንት በረጋበት ወለል ላይ በረኪና ማፍሰስም መጥፎ ጋዝ ስለሚያወጣ አስቀድሞ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ በሩም ይከፈት።

ለ/ በረኪናም ሆነ ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም ሕዝቡ «ሃይላንድ» በሚለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥ። የተጠማ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጁን ለማስመለስ አትሞክሩ፤ የወጣው መርዝ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥላልና፣ ላምባውም ወደ ሳንባው ይገባልና። አፉን በውኃ አጉመጥምጣችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ከዚያም ሐኪም ይየው።

ሐ/ ለጉድጓድ መጸዳጃ ቤት በረኪናና አሲድ አይደፋበት። በጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያበሰብሱትን ሕዋሳት ስለሚገድል ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ሽታንና ዝንብን ለመቀነስ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ መነስነስና ቀዳዳውን በክዳን መሸፈን ይበቃል።

ለቁንጫና ለትኋን የእርሻ መድኃኒት?

ለሰብል ተባይ የተሠራ መድኃኒት በመኝታ ላይ መርጨት ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ይህ መርዝ በቆዳና በእስትንፋስ ወደ ሰውነት ይገባል፤ በመሬት ላይ የሚጫወቱ ሕፃናትም ከሁሉ በፊት ይጎዳሉ። ለትኋን የአልጋውን ስንጥቅና የፍራሹን ስፌት በፈላ ውኃ መቀቀል፣ ልብሱንም አፍልቶ አጥቦ በፀሐይ ማስጣት፣ የግድግዳውንም ስንጥቅ በጭቃ መድፈን ይጠቅማል። ለቁንጫ ደግሞ ወለሉን በየቀኑ መጥረግና ከብትንና ፍየልን ከሰው መኝታ መለየት ይገባል። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሳይታክቱ መደጋገም ያስፈልጋል፤ እንቁላሉ በኋላ ይፈለፈላልና።

እጣቢው ወዴት ይሄዳል?

ከሀዲያና ከከምባታ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ ቢላቴ ይገባል፤ ቢላቴም በወላይታ በኩል አልፎ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ ወደ ኦሞ ገብቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይጓዛል። እንግዲህ እኛ ከምንጩ አጠገብ ተቀምጠን የምንደፋው የሳሙና አረፋ በእኛ ደጅ አይቀርም። ከእኛ በታች ውኃ የምትቀዳ እናት አለች፤ ከብቱን የሚያጠጣ ወንድም አለ። ጌታችን ባልንጀራችን ማን እንደ ሆነ ሲያስተምረን በመንገድ ላይ የምናገኘውን ሰው አሳየን፤ በወንዝ ዳር ያለውም ባልንጀራችን ነው።

ስለዚህ ልብስ ከወንዙ ራቅ ብሎ በሳፋ ይታጠብ፤ እጣቢውም በሣር ላይ ወይም በፍሳሽ ጉድጓድ ይደፋ። የፍሳሽ ጉድጓድ መሥራት ቀላል ነው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ያህል ቆፍሮ በድንጋይ መሙላትና ላዩን መሸፈን ነው። ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውኃውም በላይ በኩል አይቆፈር። የዱቄት ሳሙናም በመጠኑ ይሁን። አረፋ መብዛቱ ልብስን አያነጣም፤ ለማለቅለቂያ ብዙ ውኃ ያስፈልገዋል እንጂ። ያንን ውኃ ደግሞ በጀርባዋ የምትሸከመው እኅታችን ናት።

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በወረቀት ብቻ አናስተላልፍ። በሴቶች ኅብረትና በእድር ስብሰባ አንድ ቅቤ የነካው ሳሕን፣ ጥቂት አመድና ቃጫ ይዘን በሰው ፊት እንሥራው። እናቶች የሚያውቁትን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ከዚያም የጎደለውን እንጨምር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጋብዘን አብረን እናስተምር። ወንዶችም ትምህርቱ ለሴቶች ነው ብለው ወደ ኋላ አይበሉ፤ ጉድጓድ መቆፈሩ፣ የዕቃ መደርደሪያ መሥራቱና ውኃ መቅዳቱ የእነርሱም ድርሻ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆች ከመብላት በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጃቸውን፣ በየጠዋቱም ፊታቸውን እንዲታጠቡ እናለማምድ፤ የትራኮማ በሽታ ዝንብ ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን የምታመላልሰው ነውና።

በዘዳግም መጽሐፍ ምዕራፍ 23 እግዚአብሔር ሕዝቡን፣ ከሰፈር ወጥተው ጉድጓድ ቆፍረው እዳሪያቸውን እንዲከድኑ ያዘዛቸው፣ እርሱ በመካከላቸው ስለሚመላለስ ነበር። ሳሙና በሌለበት ምድረ በዳም ንጽሕና ይቻል ነበር ማለት ነው። ድኻዋ እናት ቤቷን በአመድና በፀሐይ አጽድታ፣ መርዝ ከልጆቿ አርቃ፣ እጣቢዋን ከወንዝ ከልክላ ብትኖር በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት ቤቷ ንጹሕ ነው።

በዚህ ወር በየቤታችሁ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ዛሬውኑ በረኪናውንና ላምባውን ከለስላሳ ጠርሙስ አውጡ፤ በሚመጣውም ቅዳሜ ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።