የዓይን ብርሃን ምንጭ ከዳር ነው፦ ከሊምበስ ሕዋሳት ጋር ትውውቅ

መስታወት ፊት ቆመው ዓይንዎን ልብ ብለው ይመልከቱት። ጥቁሩ ክፍል አልቆ ነጩ ሊጀምር ሲል፣ ሁለቱን የሚያዋስን ቀጭን ክብ መስመር ይታያል። የዓይን ሐኪሞች ሊምበስ ይሉታል። ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አጥርቶ እንዲያይ የሚያደርጉ ግንደ ሕዋሳት መኖሪያቸው እዚያ ነው። ስቴም ሴል በሚለው ስማቸውም ይታወቃሉ። ስለ ግንደ ሕዋስ ሕክምና ብዙ ተስፋ ይነገራል፤ አብዛኛው ግን ገና በሙከራ ላይ ነው። የሊምበስ ሕዋሳት ከሙከራው አልፈው፣ የታወረ ዓይን መልሶ እንዲያይ ማድረግ ከቻሉት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ዘርፉ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከእነርሱ መጀመር ይበጃል።

ምንጩና ወንዙ

ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። በአገራችን «የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ» ሲባል የሚተከለው እርሱ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ሳይከለል እንዲያልፍ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘውም በአብዛኛው በእንባ በኩል ከአየር ነው። የላይኛው ገጹ ከ5 እስከ 7 የሚደርስ የሕዋሳት ንብርብር አለው። ይህ ገጽ ቀኑን ሙሉ የዓይን ቆብ ያሸዋል፣ ነፋስና አቧራ ይነካዋል። ስለዚህ ሕዋሳቱ ያለማቋረጥ እየረገፉ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ በአዲስ ይተካሉ።

አዲሶቹ የሚመጡት ከሊምበስ ነው። እዚያ ያለው ግንደ ሕዋስ ሲከፈል ራሱን የሚተካ ሕዋስ ያስቀራል፤ ሌላውን ደግሞ ወደ ኮርኒያው መሐል ይልካል። የተላከው እየተባዛና እየበሰለ ተጉዞ፣ ሥራውን ሲጨርስ ይረግፋል። ሊምበስ ምንጭ ከሆነ ኮርኒያ ወንዙ ነው። ምንጩ ከደረቀ ወንዙ ላይ ምንም ያህል ውሃ ቢደፋ አይዘልቅም።

ሳይንሱ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዳቫንገርና ኤቨንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኮርኒያ የሚታደሰው ከሊምበስ እንደሆነ ሐሳብ አቀረቡ። በ1986 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን የሚደግፍ ማስረጃ በሕዋሳቱ ፕሮቲን ላይ አገኙ። በ1989 ደግሞ ኬንየንና ሴንግ ከደህናው ዓይን ሊምበስ ቆርጠው በተጎዳው ዓይን ላይ መትከል እንደሚቻል አሳዩ።

ምንጩ ሲደርቅ

ኖራ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ዓይን ውስጥ ሲገባ ሊምበስን ሊያቃጥል ይችላል። ኖራና መሰሎቹ በተለይ አደገኞች ናቸው፤ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይበላሉና። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ሐኪም ፍለጋ ከመሮጥ በፊት፣ እዚያው ባሉበት ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ ያስፈልጋል። የሚተርፈው ሊምበስ መጠን በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ይወሰናል።

ግንደ ሕዋሳቱ ካለቁ ነጩን ክፍል የሚሸፍነው ሥጋ ድንበሩን ጥሶ ወደ ኮርኒያው ይገባል። የደም ሥር ይዞ ስለሚመጣ ዓይኑ ይቀላል፣ ይደፈርሳል፣ ያማል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይከለከላል። ሕመሙን ይበልጥ ከባድ የሚያደርገው፣ የተለመደው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ብቻውን አለመርዳቱ ነው። ከሟች የተለገሰው ኮርኒያ ሲተከል ጥርት ያለ ቢሆንም፣ የላይኛው ገጹ እንደማንኛውም ኮርኒያ ይረግፋል፤ የሚተካው ግን የለም። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ወንዙን ሲቀይሩ ኖሩ። አዲሱ ሕክምና ግን የሚመልሰው ምንጩን ነው።

ከጣሊያን ሞዴና የመጣው መድኃኒት

ግራትሲዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች መነሻ ያደረጉት ሃዋርድ ግሪን በ1975 ያገኘውን የቆዳ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ የማባዛት ዘዴ ነበር። ከደህናው ዓይን 1 ወይም 2 ካሬ ሚሊ ሜትር የምትሆን ሊምበስ ይወሰዳል። ሕዋሳቱ በላቦራቶሪ ተባዝተው ስስ ሽፋን ሲሠሩ በታመመው ዓይን ላይ ይተከላሉ። የመጀመሪያው ውጤት የታተመው በ1997 ነበር፤ ሕሙማኑ ሁለት ነበሩ።

በ2010 ቡድኑ የ112 ሕሙማን ውጤት ይፋ አደረገ። ከ100 ሕሙማን 76ቱ ያህሉ ዘላቂ የሆነ ጥርት ያለ ገጽ አገኙ። ከዚህ ቁጥር በላይ ትኩረት የሚገባው ግን የተሳካበት ምክንያት ነው። እውነተኞቹን ግንደ ሕዋሳት የሚለይ ፒ63 የተባለ ፕሮቲን አለ። በተተከለው ሽፋን ውስጥ መባዛት ከሚችሉት ሕዋሳት ይህን ፕሮቲን በብዛት የያዙት ከ3 በመቶ በላይ ሲሆኑ፣ ከ100 ንቅለ ተከላ 78ቱ ተሳክቷል። ከዚያ በታች ሲሆኑ የተሳካው 11 በመቶው ብቻ ነበር። ሽፋኑ ለዓይን ሲያዩት አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል፤ ዕጣውን የሚወስነው ውስጡ ያሉት ጥቂት ግንደ ሕዋሳት ናቸው። ሆሎክላር የተባለው ይህ ሕክምና በየካቲት 2015 በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የግንደ ሕዋስ መድኃኒት ሆነ።

በአሜሪካም በቦስተን ከተማ ተመሳሳይ ዘዴ በ14 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2025 ውጤቱ ታትሟል። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ከ10 ሕሙማን ከ9 በላይ የሚሆኑት ሙሉ ወይም ከፊል መሻሻል አሳይተዋል።

ከሃይደራባድ የመጣው ቀላል መንገድ

እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ውድ ነው፤ ጥራቱን ጠብቆ ማቆየት ደግሞ ይበልጥ ውድ ነው። በሕንድ ሃይደራባድ በሚገኘው ኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም ቪሬንደር ሳንግዋንና ባልደረቦቻቸው በ2012 ላቦራቶሪ የማይፈልግ መንገድ አሳዩ። ከደህናው ዓይን የሚወሰደው 2 በ2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሊምበስ ከ8 እስከ 10 ቦታ ይቆራረጣል። ከእንግዴ ልጅ የተገኘ ስስ ሽፋን በታመመው ዓይን ላይ ይነጠፍና ቁርጥራጮቹ በላዩ ላይ በሙጫ ይያያዛሉ። ሕዋሳቱ የሚባዙት እዚያው በሕመምተኛው ዓይን ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ቀዶ ሕክምና ያልቃል። በ2016 የ125 ሕሙማን ውጤት ሲታተም ከ100 ሕሙማን በ76ቱ ተሳክቷል፤ የጣሊያኑን ያህል ማለት ነው።

ሁለቱም ዓይን ሲታመም

ከራስ ደህና ዓይን መውሰድ የሚቻለው ደህና ዓይን ሲኖር ነው። ሁለቱም ከተጎዱ ከሌላ ሰው መውሰድ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ሰውነት እንዳይቃወመው የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚህ ሌላ መፍትሔ የፈለጉት ጃፓናውያን ናቸው። ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው የበሰለን ሕዋስ ወደ ጅምሩ መመለስ እንደሚቻል አሳይተው፣ በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የኮጂ ኒሺዳ ቡድን በዚህ ዘዴ ከሌላ ሰው ሕዋሳት የኮርኒያ ሽፋን አብቅሎ ለ4 ሕሙማን ተከለ። ውጤቱ በ2024 ታተመ፤ የሦስቱ የማየት መሻሻል ሲዘልቅ የአንዱ ወደ ኋላ ተመልሷል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ 4 ሰው ግን ለፍርድ ጥቂት ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ትራኮማ ከሌላው ዓለም ይልቅ የበረታው በኢትዮጵያ ነው። በዚህ በሽታ ምክንያት የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ሲቀለበስ ፀጉሩ ኮርኒያን እየፋቀ ያጠፋዋል። እንዲህ ላለው ዓይን ቆቡ ሳይቃና፣ የዓይን ድርቀቱም ሳይታከም ግንደ ሕዋስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዓይን ስለሚይዝም የሚወሰድበት ደህና ዓይን ላይኖር ይችላል። በኖራ ወይም በኬሚካል አንድ ዓይኑ ለጠፋበት ሠራተኛ ወይም ሕፃን ግን የሃይደራባዱ መንገድ ሊደረስበት የሚችል ነው። የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅ፣ በአግባቡ የተዘጋጀ የእንግዴ ልጅ ሽፋንና ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትል ነው። ይህን ዕውቀት ወደ ሐኪሞቻችን ማምጣት ሩቅ ምኞት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የሊምበስ ታሪክ ከሐሰተኛ ተስፋም ይጠብቀናል። በ2017 በአሜሪካ ከታተሙ የሕክምና ዘገባዎች አንዱ፣ ከሆዳቸው ስብ የተወሰደ «ግንደ ሕዋስ» ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች ክፉኛ እንደታወሩ ይናገራል። የስብ ሕዋስ የዓይንን ሥራ አያውቅም። ስለዚህ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ፣ ዘመድን ለማሳከም ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የትኛው ሕዋስ ነው? ከየት ይወሰዳል? መኖሩ በምን ይረጋገጣል? ስንት ሰው ታክሞ ለስንት ዓመት ተከታተላችሁት? እነዚህን ጥያቄዎች የሊምበስ ተመራማሪዎች በቁጥር መልሰዋቸዋል። መልስ የሌለው ሕክምና፣ ማስታወቂያው ምንም ያህል ቢያምር፣ ለዓይናችን ልንፈቅድለት አይገባም።