የችግኝ እናት

ጣርማ በርን አልፈን፥ ደብረ ሲናንም ወደ ኋላ ትተን ወደ ሸዋ ሮቢት በወረድን ጊዜ የደጋው ብርድ ቀርቶ የይፋት ቆላ ሙቀት ተቀበለን። በዚያም አገር በቀል ችግኝ የሚፈላበትን አንድ ስፍራ ጎበኘን።

የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ፥ የፈላ ውኃ ይፈስበትና እዚያው ያድራል፤ ያለዚያ ርጥበት ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቡቃያው በዳስ ጥላ ሥር ያድጋል። ሐምሌ ሲቃረብ ግን የቆላውን ፀሐይ ይለምድ ዘንድ ጥላው ይነሣል፥ ውኃውም ይቀነሳል።

ዘሩስ ከወዴት ይገኛል? ከሸመገለ ዛፍ ነው። ደኑ በተመነጠረበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ተርፎ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ትእዛዝ የመናገሻ ደን የተተከለው፥ ከይፋት በላይ ካለው ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ሆነ ይነገራል። አንዱ ደን ለሌላው እናት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ በቅጥራችን ያለ አንድ ግራር ወይም ወይራ ቢቆረጥ የሚጠፋው ጥላው ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተተከለው ደን ዘር ጭምር ነው። ስለዚህ ችግኙን ስንተክል እናቲቱንም እንጠብቅ።