ባሌስትራ ሲጨመር የሚጨምረውና የማይጨምረው

በምዕራብ ሸዋ ዞን የመኸር ሰብል በሚሰበሰብበትና የመስኖ አትክልት ለገበያ በሚወጣበት ወቅት ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከግንጪና ከጌዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ አይሱዙዎችና ፒክአፖች ሥራ ይበዛባቸዋል። ጥቂት ኩንታል ለማከል ሲባል በኋላ ባሌስትራ ላይ አንድ ወይም ሁለት ብረት ማስጨመር በጭነት ባለንብረቶች ዘንድ የተለመደ ነው። የቤት መኪና ያላቸው የከተማ ነዋሪዎችም በበኩላቸው በኮረኮንች መንገድ ላይ ሆዱ እንዳይመታ መኪናቸውን ከፍ ያስደርጋሉ። ሁለቱም በጋራዥ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት የሚያልቁ ቀላል ማሻሻያዎች ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ባሌስትራው ስለጠነከረ ወይም ቁመቱ ስለጨመረ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻንሲው አብረው አይጠነክሩም። አደጋው የሚመነጨውም ከዚህ ልዩነት ነው።

ሦስት ክፍሎች፣ ሦስት ሥራዎች

ሰስፔንሽን የሚባለው የመኪናውን አካል ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት ነው። በውስጡ ሦስት ዓይነት ክፍሎች ይገኛሉ፤ ሥራቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ክብደት ተሸካሚው ነው። በአነስተኛ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ላይ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ አለ። ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕና በተሳፋሪ ማመላለሻነት የሚታወቀው ሃይኤስ ሚኒባስም ከኋላ በባሌስትራ ይሸከማሉ። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ የቤት መኪኖች ደግሞ ሞላ ይጠቀማሉ። የፊት ሞላቸው ከሾክ አብዞርበሩ ጋር በአንድ ምሰሶ ላይ የተገጠመ ሲሆን፣ ይህ አሠራር በአሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ስም ይጠራል።

ሁለተኛው ሾክ አብዞርበር ነው። ብዙዎች ጭነቱን የሚሸከመው እርሱ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሥራው የባሌስትራውን ወይም የሞላውን መዋለል ማርገብ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሾኩ የደከመ መኪና አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ይነጥራል። ጎማው ከመሬት በተነሣበት ቅጽበት ደግሞ ፍሬንም ሆነ መሪ አይሠራም።

ሦስተኛዎቹ ጎማውን በአቅጣጫው የሚይዙት ጎሚኒዎችና ቴስቲናዎች ናቸው። እነዚህ ሲላሉ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ጎማውም ባልተስተካከለ ሁኔታ ይበላል።

ብረት ሲጨመር

ባሌስትራ ተደራራቢ ዝርግ ብረቶችን በማሰር የሚሠራ ነው። ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆኑ አምስት ብረቶች ላይ ሁለት ተመሳሳይ ብረቶች ቢጨመሩ ጥንካሬው በ40 በመቶ ያህል ያድጋል። የውፍረት ለውጥ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ውጤት አለው፤ የአንድ ብረት ውፍረት በእጥፍ ቢያድግ የዚያ ብረት ጥንካሬ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከሌላ መኪና የተፈታ ወፍራም ብረት በግምት መጨመር ባለንብረቱ ካሰበው በላይ መኪናውን ሊያደነድነው ይችላል።

አምራቹ የሚወስነው የጭነት ልክ በባሌስትራው ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሻንሲውና መሪው ሁሉ ተመዝነው ከመካከላቸው ደካማው የሚችለው ልክ ይሆናል። ብረት ሲጨመር ከእነዚህ አንዱም አይለወጥም። የሚለወጠው ምልክቱ ነው። ከዚያ በፊት መኪናው ከኋላ ጎንበስ በማለት «በቃኝ» ይል ነበር፤ ብረት ከተጨመረበት በኋላ ግን ከልክ በላይ ተጭኖም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሾፌሩም ጭነቱ የቀለለ ይመስለዋል።

ልዩነቱ በቁልቁለት ላይ ይገለጣል። ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ ቆላ የሚወርድ መኪና ክብደቱ በእጥፍ ቢጨምር ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ኃይልም በእጥፍ ይጨምራል። ፍጥነቱም ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢያድግ፣ መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም።

ብዙም የማይታወቅ ሌላ ችግር አለ። በብዙ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ላይ የኋላውን ፍሬን ግፊት እንደ ጭነቱ መጠን የሚቆጣጠር ቫልቭ ይገኛል። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው በአክስሉና በመኪናው አካል መካከል ባለው ርቀት ነው። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናውን ባዶ አድርጎ ይቆጥረውና ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ከባድ ጭነት የያዘው መኪና በባዶ መኪና ፍሬን ይጓዛል። ባሌስትራ ከተነካ ይህ ቫልቭ አብሮ መስተካከል አለበት።

ለምርቱም አይበጅም

ከቶኬ ኩታዬ ወረዳ የሚጫን ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከጀልዱ የሚወጣ ድንች ገበያ ሲደርስ ዋጋው የሚወሰነው በመልኩ ጭምር ነው። ባሌስትራው የደነደነ መኪና ከመንገዱ የሚመጣውን ንረት ሳያለዝብ ወደ ካሳው ያስተላልፋል። ንረቱ የሚበረታው ከኋላ አክስል በላይና ከዚያም ወደ ኋላ ባለው የጭነት ክፍል ሲሆን፣ ከላይ የተደረደረው ሣጥን ደግሞ ከታችኛው ይልቅ ይነጥራል። መኪናው በግማሽ ጭነት በሚጓዝበት ጊዜም ጉዳቱ አይቀንስም፤ ጠንካራ ባሌስትራ በቂ ክብደት ካላገኘ አይተጣጠፍምና።

በመሆኑም አርሶ አደሩ መኪና ሲከራይ ስንት ኩንታል እንደሚጭን ብቻ ሳይሆን የሾኩንና የባሌስትራውን ሁኔታ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። በቀላሉ የሚፈርስ ምርት ወደ ካሳው የፊት ክፍል ቢጫን፣ ጎማውም ከሚገባው በላይ ባይነፋ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የቤት መኪና ከፍ ሲል

መኪናን ለማስነሣት ከሞላው በላይ ወይም በታች ድጋፍ ማስገባት የተለመደው መንገድ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ቢሆንም ዋጋ አለው። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና ለምሳሌ ቢወሰድ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል በመታጠፊያ ላይ መገልበጥን የመቋቋም ብቃቱ ከ8 በመቶ በላይ ይቀንሳል። በተጨማሪም የጎማው አቋቋም ይዛባል፤ የፍሬን ዘይት ጎማ ቱቦዎች ይወጠራሉ፤ ወደ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ መጋጠሚያም ባልታሰበለት አንግል እየዞረ ቶሎ ያልቃል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ የበለጠ ትኩረት ይሻል። ነባሮቹ መኪኖች ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገል ይኖርባቸዋል። አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ በሆዳቸው ተሸክመዋል። ሞላቸውና ሾካቸው ለዚህ ክብደት ተለክተው የተሠሩ ስለሆኑ ከሌላ መኪና በተፈታ ዕቃ መተካት አይገባቸውም።

ከውድድር ሜዳ የሚወሰድ ትምህርት

ዝቅ ያለና የደነደነ መኪና «የውድድር መኪና» ይመስላል በሚል ሞላ የሚያስቆርጡ ወጣቶችም አሉ። በእርግጥ በለሰለሰ አስፋልት ላይ የሚወዳደሩ መኪኖች ዝቅ ያሉና ደንዳና ናቸው፤ ምክንያቱም የሚሮጡበት ሜዳ ጉድጓድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረውና በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰው የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በናይቫሻ አካባቢ ባለው አቧራና ድንጋያማ መንገድ የሚወዳደሩት መኪኖች ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ወደ ላይና ወደ ታች ረጅም ርቀት የሚንቀሳቀስና ሙቀትን የሚቋቋም ጠንካራ ሾክ ያላቸው ናቸው። ባለሙያዎቹ ሞላውን፣ ሾኩን፣ ፍሬኑንና ጎማውን በአንድነት ይለካሉ እንጂ አንዱን ለብቻው አይለውጡም። ለምዕራብ ሸዋ የገጠር መንገድ የሚቀርበውም ይኸው ነው።

መንገዱም ይከፍላል

ከልክ ያለፈ ጭነት የሚጎዳው ባለመኪናውን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስሉ ላይ ካለው ክብደት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያድጋል። በዚሁ ስሌት መሠረት የአክስል ጭነት በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል፤ ጭነቱ በሩብ ብቻ ቢጨምር እንኳ ጉዳቱ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ዛሬ ጥቂት ኩንታል ያተረፈው ባለመኪና ነገ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሾኩን ይሰብራል።

በጋራዥ ምን መታየት አለበት?

ሰስፔንሽን ሙሉ በሙሉ ሳይሰበር ምልክት ይሰጣል። የመኪናው አንድ ጥግ በእጅ ተጭኖ ሲለቀቅ ከሁለት ጊዜ በላይ ከነጠረ ሾኩ ደክሟል። በሾኩ አካል ላይ የፈሰሰ ዘይትና በጎማው ዙሪያ የሚታይ ወጣ ገባ አበላልም ተመሳሳይ ምልክቶች ናቸው። በባሌስትራው ላይ ስንጥቅ፣ የተንሸራተተ ብረት ወይም የላላ ቡሎን መኖሩ ከረጅም ጉዞ በፊት መታየት ይኖርበታል።

በጥገና ጊዜ ሊዘነጉ የማይገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

- ሾክ በጥንድ ይቀየራል፤ ከአንድ አክስል የግራው ብቻ ወይም የቀኙ ብቻ አይቀየርም።
- የተሰበረ ባሌስትራ አይበየድም፣ ሞላም በእሳት አይቆረጥም። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው እንደገና በጉዞ ላይ ይሰበራል።
- የተጨመቀ ሞላ ያለ ማጨመቂያ መሣሪያ መፍታት የጋራዥ ሠራተኛውን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።
- ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ከሥራ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ እንደገና መጥበቅ አለባቸው።
- የጎሚኒ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጣቸው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ እንደተነሣ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀደዳል።
- ቴስቲና፣ ሾክ ወይም ሞላ ከተነካ በኋላ የጎማ አላይመንት መሠራት ይኖርበታል።

ያረጀ ባሌስትራን በአምራቹ ልክ በተሠራ አዲስ መተካት ተገቢ ጥገና ነው፤ የመኪናውን የቀደመ አቅም ይመልሳል። ከዚያ በላይ ለመጫን ብረት ማስጨመር ግን ለሾፌሩ፣ ከፊቱ ለሚሄደው ሚኒባስ ተሳፋሪና በመንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ ፍሬኑ የማይችለውን ዕዳ መግዛት ነው። የአንድ ምልልስ ነዳጅ ለማትረፍ ሁለት ጉዞ የሚያስፈልገውን ጭነት በአንድ መኪና ከማጨቅ በፊት፣ ባለንብረቱ በመኪናው ሰነድ ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ ማየትና የቁልቁለቱን መንገድ ማሰብ ይጠበቅበታል።