አውራ ጎዳና ከከተማ ሲወጣ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት እንጅባራን አልፎ ዳንግላ ከመድረሱ በፊት አዲስ ቅዳምን መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ስሟ ራሱ እንደሚናገረው ከተማይቱ የቅዳሜ ገበያ ልጅ ናት፤ አስፋልቱም ከገበያው ባላነሰ ያበላታል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ለዓመታት ከዲከረንስ ዛፍ ያከሰለውን በጆንያ ሞልቶ ያወጣው ወደዚሁ መንገድ ነው። ታዲያ መንገዱ አንድ ቀን በከተማዋ ዳር ዞሮ እንዲያልፍ ቢደረግ ምን ይከተላል? እንዲህ ያለ ዕቅድ አለ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ለሠልጣኝ መምህራን የሚጠቅም ጥያቄ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቅርቡ ምሳሌ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ይህ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቷቸው ይሄዳል። በአጥር የተከለለ ነው፤ መግቢያና መውጫው የተወሰነ ነው፤ እግረኛና ከብት አይገባበትም። ቀድሞ ወደ አዳማ የሚሄድ መንገደኛ በሦስቱም ከተሞች መካከል ያልፍ ነበር፤ ሲያልፍም ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ጎማው ይተነፍሳል። አሁን ክፍያውን ከፍሎ የሚሄደው ምሳውን አዳማ ይበላል። ሆኖም ከተሞቹ አልሞቱም። አሮጌው መንገድ አልተዘጋም፤ ቢሾፍቱ ሐይቆቿ፣ ሞጆም ደረቅ ወደቧ አላት። ከአላፊ አግዳሚው በቀር ሌላ ገቢ የሌላት ከተማ ብትሆንስ ኖሮ?

በአሜሪካ ደግሞ መንገዱን ጭራሽ እስከ ማፍረስ ተደርሷል። በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር 150 ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት በሲራኪዩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ጥቁሮች የሚበዙበት ሰፈር ፈርሶ በምሰሶ ላይ የቆመ አውራ ጎዳና በመሐል ከተማው አለፈ። በ2023 ይህንኑ አንሥቶ በተራ የከተማ መንገድ የመተካቱ ሥራ ተጀመረ፤ አላፊው መኪና በምሥራቅ በኩል ባለው ዙሪያ መንገድ እንዲሄድ ነው የታቀደው። ለመሐል ከተማው ሰው ጭሱና ጫጫታው ይቀንስለታል፤ ከምሰሶው ሥር የነበረው መሬትም ነጻ ይሆናል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው! መሬቱ ለማን ይሰጣል? በአጠገቡ የሚኖሩት ተከራዮች፣ ሰፈሩ ሲያምር ኪራዩ እንዳይንርባቸው ይሰጋሉ። በዙሪያው ያለው የኦኖንዳጋ አውራጃም ዝም አላለም። መንገደኛ የሚያርፍባቸው ሆቴሎች ያሏት ጎረቤቷ ሳሊና በ2022 ከከሳሾቹ አንዷ ሆና ፍርድ ቤት ቀርባለች።

ወደ አዲስ ቅዳም እንመለስ። እኛ እንደምናስበው መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል። ቅዳሜ ገበያውን የሚሞላው የገጠሩ ሕዝብ ነው፤ እሱ በእግሩ ስለሚመጣ አስፋልቱ ቢዞርም አይቀርም። እንዲያውም አህያዋን እየነዳች በመኪና መካከል የምታቋርጠው እናት ትገላገል ነበር። ማክሰኞስ? ማክሰኞ ሻይ ቤቱ፣ በቆሎ ጠባሿና ጎማ ለጣፊው የሚኖሩት በሚቆመው መኪና ነው። የከሰል ጆንያውም መኪና ወደሚቆምበት ይከተላል፤ ከኋላው ዳሱ፣ ከዳሱም ኋላ ሱቁ ይሄዳል። በአሮጌው አስፋልት ዳር ቤት ያከራየ ሰው ይከስራል፤ በአዲሱ በኩል ቦታ ያገኘ ይከብራል እኮ። ሁለቱ አንድ ሰው የሚሆኑት ስንት ጊዜ ነው?

በማስተማር ልምምድ ላይ ያላችሁ ጓዶች ይህን በተማሪዎቻችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ሰዓት ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት ቅዳሜ ይቁጠሩ፤ የቆመውን መኪና በአንድ ዓምድ፣ ሳይቆም ያለፈውን በሌላ ይጻፉ። ሲቆጥሩ ግን ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ከአጥር ጀርባ ይሁኑ።