ዳንቴልና ኪሮሽ፦ የሚባለውና የሚሠራው

«ዳንቴል ሙያ ያለው እጅ ይፈልጋል» ይባላል። ብዙ ሰው ኪሮሽ ገና ሳይጨብጥ የሚተወው ይህን ሰምቶ ነው። በየሳሎኑ ሶፋና ቴሌቪዥን ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ግን፣ አበባውም ኮከቡም፣ ሲተረተር አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ክርን በኪሮሹ አፍ ይዞ በቀለበት ውስጥ ማሾለክ። ይኸው ሲደጋገም ሰንሰለት ይሆናል። ኪሮሹን ሰንሰለቱ ውስጥ ከትተው ክር ያውጡና፣ ኪሮሹ ላይ ባሉት ሁለት ቀለበቶች ባንድ ጊዜ ክሩን ያሾልኩ፤ አጭር ቋሚ ወጣ። ከመክተትዎ በፊት ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ከጠመጠሙ ደግሞ ሦስት ቀለበት ይኖርዎታል። ሁለት ሁለቱን በሁለት ዙር ያሾልኳቸው፤ ይህ ረጅሙ ነው። የቀረው በአብዛኛው የእነዚህ ቅልቅል ነው።

«ጀማሪ በቀጭኑ ክር ይልመድ» የሚለው ምክር ስንቱን እንዳስመረረ! በቀጭን የጥጥ ክርና 1 ወይም 2 ሚሊሜትር በሆነ የብረት ኪሮሽ ሲሠራ ለማየትም ያስቸግራል። ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው የሱፍ ክርና ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ኪሮሽ ይያዙ። ጥቁርና ጸጉራም ክር ለጊዜው ይቆይ።

«ጠበቅ ያለ ሥራ ጥሩ ሥራ ነው» የሚለውም ያሳስታል። ክሩን አጥብቆ የሚስብ ሰው በሚቀጥለው ረድፍ ኪሮሹን የሚከትበት ቀዳዳ ያጣል። የመጀመሪያው ሰንሰለት ከጠበቀ ሥራው ከግርጌው ተሰብስቦ እንደ ቅስት ይጎብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰንሰለቱን ብቻ በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ኪሮሽ ይሥሩ። ጥሩ ሥራ የሚያሰኘው እኩልነቱ እንጂ ጥብቀቱ አይደለም።

ካሬ የጀመሩት ሦስት ማዕዘን ሲሆንብዎት «እጄ እምቢ አለ» አይበሉ፤ ጥፋቱ የቆጠራ ነው። 20 ረጅም ቋሚ ለማግኘት 22 ሰንሰለት ይሠራል። የመጀመሪያው ቋሚ ከኪሮሹ ሲቆጠር አራተኛው ላይ ይገባል፤ የታለፉት ሦስቱ እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራሉ። ረድፉ አልቆ ሲዞሩም እንዲሁ ሦስት ሰንሰለት ወደ ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያ ቋሚ ዘልለው ከሁለተኛው ይቀጥላሉ። ጀማሪ የሚረሳው መጨረሻውን ነው። የመጨረሻው ቋሚ የሚገባው በቀደመው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት ጫፍ ላይ ነው። ያ ጫፍ ቋሚ ስለማይመስል ይታለፋል፤ በየረድፉ አንድ ይጎድላል፤ ከ10 ረድፍ በኋላ 20ው 10 ብቻ ይሆናል። በየረድፉ መጨረሻ መቁጠር ያሰለቻል፤ መተርተር ግን ይብሳል።

ለነገሩ መተርተሩም እንደሚፈራው አይደለም። ሹራብ ሲሠራ ብዙ ቀለበት መርፌው ላይ ተደርድሮ ስለሚቆይ አንዱ ካመለጠ ወደ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ሥራ ግን ክፍት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለበት ነው። እስከ ስህተቱ ድረስ ክሩን ስቦ ኪሮሹን መልሶ መክተት ነው። ግራኝ ነኝ ብለውም አይፍሩ፤ አቅጣጫውን ገልብጠው ይሠራሉ፤ ሌላ ልዩነት የለውም።

«ያልተማሩ ሴቶች ሥራ» ለሚሉት፦ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና በ1997 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች በወረቀት ማሳየት ያስቸገረውን ሃይፐርቦሊክ የተባለ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ አሳይታለች። ዘዴዋም በየተወሰነ ቋሚ አንድ መጨመር ብቻ ነበር።

«አሁን ሁሉም በማሽን ይወጣል» ብለው ዋጋ የሚያወርዱ ደንበኞችም አሉ። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ዳንቴል መሰል ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ መርፌ የተሠራ የማሽን ሹራብ ነው። እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ እስካሁን በእጅ ነው የሚሠራው፤ ጠረጴዛ የሚሸፍን እንዲህ ያለ ዳንቴል ሲሸጥ ካዩ በሺህ የሚቆጠረውን ቋሚ አንድ በአንድ ያወጣው የሰው እጅ ነው።