የኃይሌ ግራ እጅ ምስጢር

በማለዳ ከየካ ወደ እንጦጦ ከወጣችሁ ሯጮች ሲያልፉ ታያላችሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው እጃቸውን ነው። ይህን አመል ያስያዘኝ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው።

ኃይሌ ሲሮጥ ግራ እጁ ታጥፎ ወደ ደረቱ ይጠጋል፤ ደብተር የያዘ ነው የሚመስለው። ለካ ነገሩ እውነት ነው! ልጅ እያለ አሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደብተሮቹን የሚይዘው በዚያ እጁ ነበር። ደብተሩ ቀረ፤ እጁ ግን እንደታጠፈ ቀረ።

እግሩን ደግሞ እዩት፦ መሬቱን በፊት እግሩ ነካ አድርጎ ያልፋል፣ ኮቴው አይሰማም። ጉልበቱን ያካበተው እዚሁ እንጦጦ ላይ ጭምር ነው። በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ይጨምራል።

ሲድኒ 2000 እ.ኤ.አ.፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፦ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት አፈትልኮ ወጣ። ኃይሌ መጨረሻዋ ላይ ደርሶ በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ0.12 ሰከንድ ነበር። 25 ዙር ተሩጦ ከ100 ሜትር የጠበበ ልዩነት!

ስለዚህ ጀማሪ ሯጭ ጓደኛችሁን "አሯሯጥህ አያምርም" ከማለታችሁ በፊት ይህችን ቪዲዮ አሳዩት።