አቮካዶ በግቢያችን

በአሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ በምንላት ከተማ፥ ወይም በሂርና፥ በበደሳና በገለምሶ በመንግሥት ሥራ ተመድበው የሚኖሩ ከሆነ፥ የበሉትን የአቮካዶ ዘር በስንጥር ወግተው በብርጭቆ ውሃ ላይ አንጠልጥለው ሥር ሲያወጣ ተመልክተው ይሆናል። ነገሩ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ዘሩን ወደ ግቢ ከማውጣትዎ በፊት ፍሬው ስንት ዓመት እንደሚያስጠብቅና ምን ዓይነት እንደሚሆን ማወቅ ይገባል።

የተክሉ መነሻ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ሲሆን፥ በመጀመሪያ ያለሙት በሂርናና በወንዶ ገነት የነበሩ የግል አትክልተኞች ናቸው። ስለዚህ ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው አቮካዶ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም።

እንግዳ የሆነው የአበባው ጠባይ ነው። አንዲቱ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ በመጀመሪያ እንደ ሴት ሆና ዱቄት ትቀበልና ትዘጋለች፤ በማግሥቱ ደግሞ እንደ ወንድ ሆና ዱቄቷን ትሰጣለች። አንዱ ዓይነት ዛፍ በሴትነት የሚከፈተው ጧት ሲሆን፥ ሌላው ከቀትር በኋላ ነው፤ ዱቄቱንም ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሱት ንቦች ናቸው። ከዚህ የተነሣ ዘሩ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ነውና፥ እናቱን ይመስላል ተብሎ አይታመንም። ጎረቤትዎ የሌላውን ዓይነት ቢተክል ግን የሁለታችሁም ፍሬ ይበረክታል።

ከማይታወቅ ዘር መልካም ዛፍ የተገኘበት ጊዜ አለ። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ፖስታ አዳይ ሩዶልፍ ሃስ ከተከላቸው ዘሮች በአንደኛው ላይ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ለማዳቀል ቢሞከር አልያዘም። ችግኙ እንዲሁ ተትቶ ሲያፈራ ፍሬው ከሚጠበቀው በላይ ጣፈጠ። ሃስ በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው አቮካዶ በስሙ ይጠራል። እንዲህ ያለው ዕድል ግን እንደ ሎተሪ ነው።

ከዘር የበቀለ ዛፍ ለማፍራት ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ መካከል የዝውውር ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል! የተዳቀለው ችግኝ፥ ማለት ከታወቀ ዛፍ የተቈረጠ ቀንበጥ በዘር በበቀለ ችግኝ ላይ ተሰክቶ የታሰረበት፥ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም ቀንበጡ የተወሰደበትን ዛፍ ይመስላል። ስለዚህ ምክራችን ዘሩን ለልጆች መማሪያ ትተው የተዳቀለ ችግኝ እንዲገዙ ነው።

ሲተክሉ ውሃ የማይተኛበትን ሥፍራ ይምረጡ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የአቮካዶ ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። የሃስ እናት ዛፍ እንኳ በ2002 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሞተው በሥር መበስበስ ነው። መሬቱ ጥቁርና ውሃ አዘል ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርገው ቆልለው በጉብታው ላይ ይትከሉ። የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይቆይ። ለጋው ችግኝ ከብርቱ ፀሐይ እንዲጠለል ጥቂት ዳስ ይሥሩለት፤ ግንዱን ሳይነኩ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ይሸፍኑ። ዛፉ ሲያድግ ሰፊ ነውና ከቤት ግድግዳ ይራቅ።

በሐረርጌ ከብትና ፍየል አስሮ መቀለብ የተለመደ ስለ ሆነ፥ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የአቮካዶ ቅጠል ለፍየል፥ ለበግ፥ ለፈረስም መርዝ ነው፤ ልብን ይጎዳል፤ የምታጠባዋንም እንስሳ ጡት ያሳብጣል። የከረከሙትን ቅርንጫፍ በበረት አጠገብ አይጣሉ።

ፍሬው በዛፉ ላይ እንዳለ አይለሰልስም። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ከነአጭር እንጨቱ ቈርጠው በቤት ያስቀምጡት፤ በሳምንት ያህል ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌላውን መልቀም ይቻላል፤ ከተጨማደደ ግን የቀረውን ጥቂት ሳምንት በዛፉ ላይ ይተዉት።